ለብርሃኑ ሳይሆን ለልኩ

በቤት ጣሪያ ላይ ብርሃን የሚያስገባ መስኮት ማውጣት ስንት ብር ይፈጃል? ጥያቄው የአናጢና የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ይመስላል። ይሁን እንጂ በጋምቤላ ከተማ ይህን ሥራ ሊያሠራ ያሰበ ሰው የወጪውን ዝርዝር አንድ በአንድ ቢመረምር ከገበያ ዋጋ ያለፈ ነገር ያገኝበታል። ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቆርቆሮ ይገዛል። ቆርቆሮው እንዳያፈስ ባለ ጎማ ምስማርና ሲሊኮን ያስፈልጋል። ወባ ባለበት አገር ክፍተት ሁሉ በወንፊት መሸፈን አለበት። ሌባ በጣሪያ እንዳይወርድ ብረት ይበየዳል። የቀትሩን ሙቀት የሚያበርድ ኮርኒስ ወይም መጋረጃ ይጨመራል። የአናጢውና የረዳቱ የቀን ሒሳብ አለ፤ ዕቃው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሚደርስ ከሆነም የማጓጓዣው ዋጋ በእያንዳንዱ ላይ ታክሎ ይመጣል። ታዲያ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለብርሃኑ የተከፈለው የትኛው ነው? ሥራው ቆርቆሮውን መቅደድ ብቻ ቢሆን ኖሮ በመቀስና በመዶሻ ወዲያው ባለቀ ነበር። የቀረው ወጪ ከሞላ ጎደል ከብርሃኑ ጋር አብሮ ሊገባ የሚሻውን ዝናብ፣ ሙቀት፣ ትንኝና ሌባ ለመከልከል የዋለ ነው። ብርሃኑን ማንም አይሸጠውም፤ ሰው የሚከፍለው ብርሃኑ በልክ እንዲገባለት ነው። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ከዚህ ይነሣል፦ መልካም ነገር ከላይ በነጻ ይሰጣል፤ ልኩን ማበጀት ለሰው የተተወ ሥራ ነው፤ የዚያን ሥራ ዋጋ ማን ይክፈል የሚለውም የሃይማኖት ጥያቄ ነው።

ጋምቤላ ይህን ሐሳብ ለመፈተን ከብዙ ቦታ ይልቅ ትመቻለች። ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በባሮ ወንዝ ዳር፣ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 8 ዲግሪ አካባቢ ተቀምጣለች። በዚህ ስፍራ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ፣ በቀትር ልክ በአናት ላይ ትቆማለች። ጥርት ባለ ቀትር በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1,000 ዋት ገደማ የፀሐይ ኃይል ያርፋል፤ ይህ አንድ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ምድጃ የሚስበውን ያህል ነው። በብርሃን መለኪያ ሲታይ ደግሞ የቀትር ፀሐይ 100,000 ሉክስ ገደማ ስትሰጥ፣ ሰው ዐይኑን ሳያደክም መጽሐፍ ለማንበብ ከ300 እስከ 500 ሉክስ ይበቃዋል። የተሰጠው ከሚያስፈልገው 200 እጥፍና ከዚያም በላይ ነው ማለት ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ሙቀቱ ሲበረታ ከ38 ዲግሪ ማለፉ የተለመደ ነው፤ ከዚያም ክረምቱ ገብቶ በየዓመቱ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያወርዳል። ስለዚህ በዚህ አገር ጣሪያውን የሚከፍት ሰው የሚገጥመው ችግር የብርሃን እጥረት አይደለም። የሚያስቸግረው ስጦታው ከተቀባዩ ዐቅም በላይ መብዛቱ ነው።

የቆላው ቤት ሠሪ ይህን ከጥንት ያውቃል። የአኙዋክና የኑዌር ባህላዊ ቤት ክብ የጭቃ ግድግዳና ሾጣጣ የሣር ክዳን አለው፤ በሩ ዝቅ ያለ ነው፤ መስኮት የሚባል ነገር ብዙም አይታይበትም። ኑዌሮች ለከብቶቻቸው የሚሠሩት ትልቁ ጎጆም ከሣር ክዳኑ ሥር ጨለም ያለ፣ ትንኝ ለማባረር ኩበት የሚጨስበት ነው። ከደጋ የመጣ ሰው ይህን ቤት አይቶ ብርሃን የጎደለው ነው ሊል ይችላል። እንዲህ ያለው ፍርድ ግን ቤቱን ከግቢው ነጥሎ የተሰጠ ነው። በቆላ ቀን የሚዋለው ውጭ ነው፤ የሚሠራው፣ የሚጫወተው፣ የሚመከረው በዛፍ ጥላ ሥር ነው፤ በጋምቤላ ከተማ በማንጎ ዛፎች ሥር ዛሬም እንዲሁ ይዋላል። ቤቱ ለሌሊት፣ ለዝናብና ለዕቃ ነው። የሣር ክዳን ላይ ቀዳዳ ማውጣት ደግሞ ክዳኑን ማበላሸት ነው፤ ሣሩ ውኃውን ገፍቶ የሚጥለው ከጉልላቱ እስከ ጠርዙ ሳይቋረጥ ስለተደራረበ ነውና። በዚያ ቤት ውስጥ ያለው ድንግዝግዝታ እንግዲህ ታስቦበት የመጣ ነው። ጥላው ራሱ ተለፍቶ የተገኘ መልካም ነገር ነው።

ሃይማኖታዊ አነጋገራችን ብርሃንን ከመልካም፣ ጨለማን ከክፉ ጋር ማጣመር ይቀናዋል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከጋምቤላ ክልል ነዋሪ 70 በመቶ ያህሉ ፕሮቴስታንት ሲሆን ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙ፣ ካቶሊኩና በአባቶቹ እምነት የጸናውም አብረው ይኖራሉ። ለአብዛኛው ነዋሪ እግዚአብሔር ብርሃን ነው የሚለው ትምህርት አዲስ አይደለም። ሆኖም ቅዱሳት መጻሕፍት የመጡት ከሞቃት አገር ነው፤ ስለ ብርሃን ሲናገሩም ከእኛ ልማድ ይልቅ ጥንቃቄ አላቸው። በኦሪት ዘፍጥረት ፈጣሪ ብርሃንን ሲፈጥር ጨለማን አላጠፋም፤ ለየው፣ ወሰን ሰጠው፣ ስም አወጣለት። በትንቢተ ዮናስ መጨረሻ ነቢዩን ያስደሰተችው የቅሏ ጥላም፣ በማግስቱ ራሱን የመታችው ፀሐይም በአንዱ አምላክ ፈቃድ የመጡ ናቸው። መዝሙረኛው እግዚአብሔርን ብርሃኔ ብሎ በጠራበት መጽሐፍ ውስጥ ፀሐይ በቀን እንዳያቃጥል በቀኝ የሚቆም ጥላ ብሎም ጠርቶታል። ቁርዓንም በሱረቱ ፋጢር እኩል የማይሆኑትን ነገሮች ሲዘረዝር ጨለማን ከብርሃን ጋር፣ ጥላን ከሐሩር ጋር ያነጻጽራል። በዚህ አሰላለፍ ብርሃንና ጥላ በአንድ ወገን ቆመዋል፤ ጨለማና ሐሩር በሌላው። ጥላ የብርሃን ጠላት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ግልጽ አድርጎ መናገር አይቻልም። ጥላ ማለት ሰው ሊሸከመው በሚችለው መጠን የደረሰ ብርሃን ነው።

እዚህ ላይ ከራሱ ከጋምቤላ ሕዝብ ትውፊት የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ክብደት ሊሰጠውም ይገባል። የሥነ ሰብእ ተመራማሪው ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው የኑዌር ሃይማኖት ጥናቱ፣ ኑዌሮች ኩዎት የሚሉትን አምላክ ከሰማይ ጋር አያይዘው እንደሚያስቡት ጽፏል። ከመዘገባቸው ትረካዎች አንዱ ሰማይና ምድር በገመድ ተያይዘው ስለነበሩበት ዘመን ይናገራል፤ ያረጀ ሰው በገመዱ ወደ ሰማይ ወጥቶ ወጣት ሆኖ ይመለስ ነበር፤ ገመዱ በተቆረጠ ጊዜ ግን ያ መንገድ ተዘጋ፤ ሞትም የሰው ዕጣ ሆኖ ቀረ። በዚህ ትረካ ከሰማይ መራቅ ጉዳት ነው። እንግዲያው ጥላን ማወደስ የተቆረጠውን ገመድ ማወደስ አይሆንም ወይ? አይሆንም። ልክ ማበጀትና ማቋረጥ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ሙሴ የእግዚአብሔርን ክብር ለማየት በለመነ ጊዜ ልመናው በከንቱ አልቀረም፤ ክብሩ በፊቱ ያለ መከለያም አላለፈም፤ በዓለቱ ስንጥቅ ውስጥ ሆኖ፣ በእጅ ተጋርዶ፣ የሚችለውን ያህል አየ። መጋረዱ ግንኙነቱ እንዲቻል ያደረገ ነው። ኑዌሮች በትረካው የሚያዝኑለት ግንኙነት ጨርሶ የተበጠሰበት ቤት በእርግጥ የሚታዘንለት ነው፤ ከሰማይ የሚመጣውን በልክ የሚቀበል ቤት ግን ገመዱን በእጁ እንደያዘ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከኑሮ የሚመጣ ነው። ጥላን ስታወድሱ የድሃውን ጨለማ ባህል ብላችሁ ታስውባላችሁ፤ ልጁ በቀን የማያነብበት፣ እናቲቱ በጭስ የምትታፈንበት፣ በሽተኛው ቀንና ሌሊቱን የማይለይበት ክፍል ምን ጥበብ አለው? ተቃውሞው እውነት አለው፤ የክርክሩን መሠረት ግን አያፈርስም፤ ይልቁንም ያጠብቀዋል። ከላይ የተነገረው ድንግዝግዝ ቤት መልካም የሆነው ሰፊ ግቢና ጥላ ያለው ዛፍ ስላለው ነው። ከተማ ሲጠብ ዛፉ ይቆረጣል፤ ግቢው በመደዳ በተሠሩ የኪራይ ክፍሎች ይሞላል፤ እያንዳንዱ ክፍል አንድ በርና የቆርቆሮ ክዳን ይኖረዋል፤ ጎንና ጎኑ ከጎረቤት ግድግዳ ጋር ስለተያያዘ መስኮት ማውጫ የለውም። ኮርኒስ ከሌለውም ቆርቆሮው የቀኑን ሙቀት በሙሉ ወደ ውስጥ ያወርዳል። እንዲህ ያለ ክፍል ጨለማንና ሐሩርን አንድ ላይ ይዟል፤ ሱረቱ ፋጢር በክፉው ወገን ያቆማቸውን ሁለቱንም። ነዋሪው ጥላውንም ብርሃኑንም ተነጥቋል። የጎጆው ድንግዝግዝታ የተመረጠ ነበር፤ የኪራይ ክፍሉ ጨለማ የተጫነ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሉክስ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ልኩን የሚወስነው እጅ የማን ነው የሚል ነው። ስለዚህ የጣሪያ መስኮት በጋምቤላ የሚያስፈልገው ባህላዊው ቤት ጎዶሎ ስለነበረ አይደለም። የሚያስፈልገው ቤቱን ሙሉ ያደርገው የነበረው ግቢ በመጥፋቱ ነው፤ የመስኮቱን ዋጋ የሚተምን ሰው የተቆረጠውን ዛፍም ከሒሳቡ ሊያስገባ ይገባል።

ልክ ማበጀት ዐቅመ ቢስነት ወይም ፍርሃት እንዳልሆነ የሕንፃ ታሪክ ይመሰክራል። በሮም የሚገኘውና በንጉሠ ነገሥት ሐድርያን ዘመን፣ በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራው ፓንቴዮን በጉልላቱ አናት ላይ ስፋቱ ከ8 ሜትር በላይ የሆነ ክብ ቀዳዳ አለው። መስታወት የለውም፤ ዝናብም ይገባበታል፤ ስለዚህ ወለሉ ውኃውን የሚያወጡ ቀዳዳዎች ተበጅተውለታል። ለሰማይ ይህን ያህል የተከፈተ ቤት እንኳ ለመከፈቱ ወለሉን መቅደድ ነበረበት። በአገራችን ደግሞ የላሊበላ ጠራቢዎች ዓለቱን እንደ ፈቃዳቸው መፈልፈል የሚችሉ ነበሩ፤ ቤተ ጊዮርጊስን ግን ጣሪያውን ሳይበሱ፣ በላዩ መስቀል ብቻ ቀርጸው፣ ብርሃኑን በጎን መስኮቶች በጥቂቱ አስገቡ። ለእነርሱ እያንዳንዱ መስኮት በመሮ የተከፈለ ድካም ነው። ጣሪያውን መተዋቸው ብርሃንን ከመናቅ የመጣ አይመስልም፤ የደጋው ዝናብ ለሚወርድበት ዓለት የሚስማማውን ማድረጋቸው ነው። ከዘመናችን ምሳሌ ቢፈለግ፣ ብራዚላዊው መካኒክ አልፍሬዶ ሞዘር እ.ኤ.አ. በ2002 መብራት በሚጠፋበት ጊዜ ያሰበው ዘዴ አለ፤ ሁለት ሊትር በሚይዝ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃና ጥቂት በረኪና ሞልቶ በቆርቆሮ ጣሪያ ቀዳዳ ውስጥ ገሚሱ ወደ ውጭ፣ ገሚሱ ወደ ውስጥ እንዲሆን አድርጎ ማሸግ። ውኃው የፀሐይን ብርሃን በክፍሉ ዙሪያ ይበትናል፤ ፀሐይ ባለበት ቀን ከ40 እስከ 60 ዋት አምፖል ያህል ያበራል። የዚህ ዘዴ ጥበብ ቀዳዳው ከጠርሙስ ወገብ አለመብለጡ ነው፤ ትንሽ ስለሆነ የሚያስገባው ሙቀትም ትንሽ ነው፤ ዋጋው ከድሃ ዐቅም በላይ አይሆንም። ብርሃኑ ከሚያስፈልገው 200 እጥፍ ለሆነበት አገር ከሰፊ የፕላስቲክ ቆርቆሮ ይልቅ እንዲህ ያለው ጠባብ ቀዳዳ ይበልጥ ይስማማል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የዘመኑ ነው። ዛሬ ኤሌክትሪክ አለ፤ መስመሩ ባልደረሰበትም ከፀሐይ የሚሞላ መብራት በገበያ ይሸጣል፤ ጣሪያን ከመቅደድ ኃይሉን ከጣሪያው ላይ ሰብስቦ ማታ መጠቀም አይሻልም ወይ? ለሌሊት በእርግጥ ይሻላል፤ ለድሃው ቤትም ትልቅ በረከት ነው። በዚህ መንገድም ቢሆን የሚከፈለው ለልኩ መሆኑን ግን ልብ ማለት ያስፈልጋል፦ ሰሌዳው፣ ባትሪው፣ ሽቦውና ማብሪያ ማጥፊያው ብርሃኑን በሰዓቱና በመጠኑ ለማድረስ የተገዙ ናቸው። በቀን ግን ነገሩ ይለያል። የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ራሱ ከንጋት ይጀምራል፤ በጋምቤላም የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም። የጠዋቱ ጸሎት፣ የሙስሊሙ ዙህርና ዐስር፣ የከሰዓት ሥራ፣ የማታ መሰብሰብ ሁሉ ከሰማይ ብርሃን መለዋወጥ ጋር ተያይዘው የተሠሩ ናቸው። ቀኑን ሙሉ በማይለወጥ አምፖል ሥር የሚውል ሰው ያነብ ይሆናል፤ ያ ክፍል ግን ከቀኑ ጋር አይነጋም፣ አይመሽም። መስኮት ከብርሃን በተጨማሪ የሚሰጠው ሰውን ከጎረቤቱና ከወቅቱ ጋር በአንድ ቀን ውስጥ ማኖርን ነው። ይህን ባትሪ ሊተካው አይችልም፤ ሊተካውም ስለማይችል ሁለቱን እንደ ተፎካካሪ ማየት ስሕተት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ አራተኛው ነው፤ የሚመጣውም ከወንጌል ነው። በቅፍርናሆም አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው መጡ፤ በሕዝቡ ብዛት በሩ ስለተዘጋባቸው ጣሪያውን ከፍተው በሽተኛውን ወደ ውስጥ አወረዱት፤ ጌታም እምነታቸውን አይቶ ፈወሰው። እነዚያ ሰዎች ልክ አልለኩም፤ ወጪ አልቆጠሩም፤ የማን ጣሪያ ነው ብለውም አልቆሙም። ታዲያ ፍቅር ከልክ በላይ መሆኑን ይህ አያሳይም ወይ? ያሳያል። ሰው ሊድን ሲል ጣሪያ መፍረስ እንዳለበት ከዚህ በተሻለ የሚያስተምር ታሪክ የለም። ግን ወንጌሉ ስለ አንድ ነገር ዝም ይላል፦ በማግስቱ ያን ጣሪያ ማን ጠገነው? ቤቱ ባለቤት ነበረው፤ ዝናብም ይመጣል። የተደረገው በጎ ሥራ ከማንም ሳይደበቅ ተጽፏል፤ የጥገናው ዋጋ ግን በአንድ ሰው ላይ ወድቋል። ፍቅር ጣሪያውን ለመክፈት ልክ አያስፈልገው ይሆናል፤ ከከፈተ በኋላ ግን ፍቅር ሆኖ የሚቀጥለው መጠገኑንም የራሱ ሥራ ሲያደርገው ነው። በሌላው ቤት ላይ ብርሃን ከፍቶ ፍሳሹን ለቤቱ ነዋሪ የሚተው ቸርነት ግማሽ ነው። ይህ ለምእመናን ብቻ የሚነገር አይደለም፤ ለልማት ድርጅትም፣ ለመንግሥት መሥሪያ ቤትም፣ ቆርቆሮ ገዝቶ አልብሶ ለሚሄድ በጎ አድራጊም ይሠራል።

ስለዚህ ጥያቄው በመጨረሻ ወደ ከፋዩ ይመለሳል። ሰዎች በነጻ የተሰጠውን ብርሃን ሊያስወድዱት እንደሚችሉ የእንግሊዝ ታሪክ ያሳያል፤ እ.ኤ.አ. ከ1696 እስከ 1851 ድረስ በቤት መስኮቶች ብዛት ግብር ይከፈል ነበር። ግቡ ሀብታሙን ማስከፈል ነበር፤ ውጤቱ ግን ባለቤቶች ግብሩን ለመሸሽ መስኮቶችን በጡብ መድፈናቸው፣ ተከራዮችም በጨለማ መቅረታቸው ሆነ። ፀሐይ ለክፉውም ለደጉም ትወጣለች የሚለው የወንጌል ትምህርት በዚያች አገር በየስብከቱ ይሰማ ነበር፤ ቤቶቹ ግን ከስብከቱ ጋር አልተስማሙም። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ግብር ባይኖርም ተመሳሳይ ውጤት በሌላ መንገድ ሊመጣ ይችላል። መስኮት የሌለው ክፍል የሚያከራይ ሰው ከግድግዳው ያተረፈውን ገንዘብ ተከራዩ በዐይኑና በላቡ ይከፍልለታል። በክልሉ በኩሌ፣ በቴርኪዲ፣ በጀዊና በንጉኒዬል መጠለያዎች የሚኖሩት፣ አብዛኞቹ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ከደቡብ ሱዳን የመጡት በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠሩ ስደተኞች ደግሞ ቤታቸውን ራሳቸው በፈቀዱት ልክ የመሥራት ዕድላቸው ጠባብ ነው። ዛፍ በተመናመነበት ሜዳ በፕላስቲክ ሸራ ሥር የሚውል ሰው ብርሃን ሞልቶት ጥላ አጥቷል፤ በኪራይ ክፍሉ ያለው ሁለቱንም አጥቷል። የሁለቱም ጉዳት ምንጩ አንድ ነው፤ ልኩን የመወሰን ሥልጣን ከእጃቸው ወጥቷል።

ከዚህ የሚከተለው ግዴታ ረቂቅ አይደለም። በጋምቤላ ቤት የሚሠራ ሰው ጣሪያ ከመብሳቱ በፊት ከጣሪያው ሥር፣ በሰሜኑ ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ የሚከፈት መስኮትን ሊያስብ ይችላል፤ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምትውል፣ በአብዛኛው የሙቀት ወቅት ያ መስኮት ብርሃኑን ያለ ሐሩሩ ያስገባል፤ ለዝናብም ከጣሪያ ቀዳዳ ይልቅ የተጠበቀ ነው። ግድግዳ የማይፈቅድ ከሆነ የጣሪያው ክፍተት ትንሽ ይሁን፤ በወንፊት ይሸፈን፤ ከውስጥ ሆኖ የሚዘጋው ነገርም በነዋሪው እጅ ይሁን፤ መዝጋት የማይችል ሰው ብርሃኑ ተጭኖበታል እንጂ አልተሰጠውምና። በግቢው የቆመ ዛፍ ከመስኮቱ ጋር አንድ ሥራ ስለሚሠራ አይቆረጥ፤ ከተቆረጠም ይተከል። ወጪውም ቤቱን ከሚያከራየው ሰው እንጂ ከተከራዩ አይጠየቅ፤ ክፍሉን የዘጋው እርሱ ነውና። ቤተ እምነቶችም ስለ ብርሃን ሲያስተምሩ አባሎቻቸው ምን ዓይነት ክፍል እንደሚያከራዩ መጠየቅ የትምህርቱ ክፍል ነው። የጣሪያ መስኮት ስንት ይፈጃል ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ሙሉው መልስ የብሩን መጠንና ብሩ ከማን ኪስ እንደሚወጣ አንድ ላይ የሚነግረው ነው፤ ሁለተኛውን ትቶ የመጀመሪያውን ብቻ የሚናገር ሒሳብ በአምላክም በሰውም ፊት ገና አልተዘጋም።